ዘይት የጠጡ ነገሥታት

ኤልዳድ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወዳለው መነጽር ቤት የገባው መነጽር ሊገዛ አልነበረም። ዓይኑ ደህና እንደሆነ ያምን ነበር። የፈለገው አጉሊ መስታወት ነው፤ ያውም እጀታው ጠንከር ያለ።

ምስጢር ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማለች። ሱቁ የአክስቷ የሸዋረገድ ነው፤ ዓይን የምትለካው ግን ምስጢር ናት። አጉሊ መስታወቱን ለምን እንደሚፈልገው ጠየቀችው። ከሸሚዙ ኪስ የተጣጠፈ ሶፍት አውጥቶ ገለጠው። ሶፍቱ ውስጥ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጥ የጠቆረ ክብ ነገር አለ።

«ሳንቲም ነው» አላት።

«የየት አገር?»

«የሮም።»

«የጣሊያን ነዋ።»

«ከጣሊያን በፊት ነው።»

እንዲህ ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ገጥሟት ስለማያውቅ ሳንቲሙን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። በአንድ ፊቱ ጭንቅላቱ ላይ የዕንቁ ክር ያሰረ የሰው ጎን ይታያል። በሌላው ፊቱ ወታደር ከፈረሱ የሚወድቅ ሰው በጦር ይወጋል። ዙሪያውን ደግሞ ፊደል አለ። ኤልዳድ ፊደሉ እንደማይነበብ፣ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ ኖሮ እንደተበላ፣ ስለዚህም እንዳትደክም በትሕትና አስረዳት። ጋዋኗን አክብሮ «አንቱ» ነበር የሚላት።

«ኤፍ፣ ኢ፣ ኤል» አለች ምስጢር። «ከዚያ ቲ፣ ኢ፣ ኤም፣ ፒ። ከዚያ አር…»

ኤልዳድ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እንዲያነብ አዘዘችው። ትልልቆቹን አነበበ። መሐል ላይ ሲደርስ መገመት ጀመረ። ከዚያ በታች ያለውን ሲያነብ የነበረው ለሱ ብቻ የሚታይ ሌላ ጽሑፍ ነው።

«ሳንቲሙ አይደለም የጠፋው» አለችው። «ዓይንህ ነው።»

እሱ «አንቱ» ቢላት እሷ «አንተ» አለችው፤ እሱም ወደ «አንቺ» ዞረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም።

መነጽሩ ሲደርስ አድርጎ ቀና አለ። መጀመሪያ ማየት የነበረበት ሳንቲሙን ነው። አላየውም። ምስጢር የፍሬሙን ጆሮ እያስተካከለች ነበርና ፊቷ ቅርብ ነበር፤ ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ጥርት ብላ ታየችው። ዓይኑን ከዚያች ጠባሳ አላነሣም። እሷም የማይስተካከል ነገር ያገኘች ይመስል ያንኑ ጆሮ ደግማ ደጋግማ አስተካከለችው።

«ይታይሃል?» አለችው በመጨረሻ።

«በጣም።»

ከዚያ በኋላ ነው ሳንቲሙን አውጥቶ ያነበበው። ቃሉ «ደጉ ዘመን ተመልሶ መጣ» ማለት እንደሆነ ነገራት።

«ተመልሶ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም። ንጉሡ ነው ያለው።»

ምስጢር የሳቀችው ሳቅ ከጓሮ ዕቃ ስትቆጥር የነበረችውን ሸዋረገድን አስወጣት።

ኤልዳድ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ለቡ በሚባለው ሰፈር አዲስ ሕንፃ ሁሉ ሊፍት አለው፤ ሊፍቱ ሁሉ ደግሞ መለዋወጫ ይጠብቃል፤ በመሐል የሚሰደበው ኤልዳድ ነው። ሙያውን የጀመረው ልጅ እያለ ሳሪስ አካባቢ የውሃ ፓምፕ ይጠግኑ ከነበሩ አቶ ያኒ ከሚባሉ ግሪካዊ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሽማግሌው አርጅተው ወደ ልጃቸው አገር ሲሄዱ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጡት። ቆርቆሮው ውስጥ አያታቸው በወይን እርሻቸው ሲቆፍሩ ያገኟቸው ሳንቲሞች አሉ፤ አብዛኞቹ ከነአፈራቸው ደርቀው የተቃጠለ ሽምብራ ይመስላሉ። «እኔ አላነበብኳቸውም» አሉት፣ «አንተ ትዕግሥት አለህ፤ አደራ።»

ሰው ጥንታዊ ሳንቲም ሲባል ወርቅ ይመስለዋል። እነዚህ መዳብ ናቸው። ሮም ወደ ማምሻዋ ላይ ከዚህ ሳንቲም ውጭ የምታመርተው ያልነበራት ይመስል በየከተማው ስታትመው ስለኖረች፣ በዓለም ላይ እንደነሱ የረከሰ ጥንታዊ ነገር የለም። ኤልዳድን የያዘው ዋጋቸው አልነበረም። በጀርባቸው ከሥዕሉ ሥር ያሉት ጥቃቅን ፊደሎች ሳንቲሙ የታተመበትን ከተማ ይናገራሉ፤ እስክንድርያ፣ አንጾኪያ፣ ቁስጥንጥንያ። አንድ የማያውቀው ሠራተኛ አንድ ቀን ጠዋት መዶሻውን አንስቶ የመታውን፣ እሱ መካኒሳ ተቀምጦ ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ለማወቅ መሞከሩ ደስ ይለዋል። ሊፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

እናም በየቅዳሜው ከሰዓት አንዳንድ ሳንቲም በሶፍት ጠቅልሎ ወደ መነጽር ቤቱ መምጣት ጀመረ። ምስጢር ታነባለች፣ እሱ ይተረጉማል። አፈር የበላቸውን ሽምብራዎች ግን እሷም ልታነባቸው አልቻለችም። በውሃ ዘፍዝፎ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ ሞክሯል። ሌላ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች በወይራ ዘይት እንደሚዘፈዝፉ አንብቧል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ የወይራ ዘይት የሚገዛው ለሰላጣና ለጸሎት ነው፤ አፈር ላይ ማፍሰስ ጥጋብ መሰለው።

ሸዋረገድ ይህን ሁሉ ከሒሳብ መቀበያው ሆና ታያለች። «ይሄ ልጅ ዓይኑ በየሳምንቱ ነው እንዴ የሚበላሸው?» ትላለች።

«ሳንቲም ሊያሳየኝ ነው፣ አክስቴ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ሳንቲሙን ሳይሆን እሱን ነው የምጠይቀው።»

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዟቸው ከሱቁ ደጃፍ ቆመው ሳለ ኤልዳድ አስፋልቱን እያየ፣ ሽማግሌ ቢልክ አባቷ በር ይከፍቱ እንደሆነ ጠየቃት። ምስጢርም አስፋልቱን አየች። አስፋልቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«በሩ ችግር የለበትም» አለች ቀስ ብላ። «ደወሉ ነው የማይሠራው።»

«እሱን እኔ እሠራዋለሁ።»

የፍቅር ቃል የተለዋወጡት ይኸው ነው። ምስጢር ቤቷ ስትገባ ለአባቷ ለአቶ ግዛው ነገረቻቸው። አቶ ግዛው ብዙ አልተናገሩም፤ በማግስቱ ቀለም ቀቢ አመጡና ሳሎኑን አስቀቡት።

ኤልዳድ ደግሞ ለእናቱ ለመንገር መካኒሳ ወዳለው ቤታቸው ገባ። ወይዘሮ ዘነቡ ከሆሳዕና መጥተው ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ከፊት ረድፍ የማይጠፉ ሴት ናቸው። ከመድረኩ ላይ ባለው መጋረጃ ሁለት የባዕድ ፊደል ተጠልፏል፤ ምን እንደሆነ ፓስተሩን ጠይቀው «አልፋና ኦሜጋ» መሆኑን ከተረዱ ወዲህ ጸሎት የሚጀምሩት እነሱን አይተው ነው። በልጃቸው ቅሬታ ቢኖራቸው ሁለት ብቻ ነው፤ አለማግባቱና ቆርቆሮው። ቆርቆሮውን ድሮ አይጠሉትም ነበር። አንድ ቀን ግን ከሳንቲሞቹ በአንዱ ላይ ራሱ ዙሪያ ጨረር ያለውን ሰውዬ አይተው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ይል ነበር። ኤልዳድ ውሸት የማይችል ሰው ስለሆነ የፀሐይ አምላክ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ሆኑ፤ ልጃቸው ያላገባው ጣዖት በቁም ሳጥኑ ላይ ስላስቀመጠ ነው።

የምስጢርን ነገር ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ አመሰገኑ፣ አለቀሱም። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው የት እንዳገኛት ጠየቁ። እሱም ነገራቸው፤ ሳንቲሞቹን አብረው ሲያዩ።

ወይዘሮ ዘነቡ ቁም ሳጥኑን አዩ።

«ልጄ» አሉት፣ «ይህ ቆርቆሮ ከዚህ ቤት ሳይወጣ ከዚህ ቤት ሽማግሌ አይወጣም።»

ኤልዳድ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። እናቱ ያሳደጉት ሳይበሉ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ አደራ ነው። ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ለሥራ ወጣ፤ ማታ ሲመለስ ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ቆርቆሮው የለም። እናቱን ግን አልጠየቀም። ከሰፈሩ ድልድይ በታች ወንዝ ውስጥ እንደተጣለ ገመተና የጎርፉን ድምፅ እየሰማ ተኛ።

አሁን ሽማግሌ ይላካል ብሎ ጠበቀ። አልተላከም። ሐምሌ ገባ፣ አልተላከም። እናቱ ቆርቆሮውን አስወጥተው ቃላቸውን እንዳጠፉ አሰበ፤ ይህን ማሰቡም አሳፈረው። ለምስጢር እንዳይነግራት፣ እናትን ለሚስት ማማት ከጋብቻ በፊት አይጀመርም ብሎ ያምናል። ስትደውልለት «ትንሽ ታገሺኝ» ይላታል። እንዳይሄድ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም የለም። ያለ ሳንቲም ወደዚያ ሱቅ የመግባት መብት ያለው አልመሰለውም። መብቱ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ እንዳለፈ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የአቶ ግዛው ሳሎን ቀለም ደረቀ። ሽታውም ጠፋ። አቶ ግዛው ሻይ እየጠጡ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «አንድ ሳሎን ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አይቀባም» አሉ። ምስጢር ገባት። ክረምቱ እስኪወጣ ካልመጡ፣ ሲመጡ የሚከፈት በር አይኖርም ማለታቸው ነው።

ሸዋረገድ ነገሩን ሰምታ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። ልጁ ክፉ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊፍት ውስጥ ቢቀረቀሩ እንኳ ሰው እንዳይረብሹ ብለው ደወል እንደማይደውሉ ተናገረች። «አንቺ ሂጂና ክፈቺለት» አለቻት።

ኤልዳድ በአንድ ወቅት እናቱ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ እጃቸውን እስከ መጨረሻ ዘርግተው እንደሆነ፣ እጃቸው ማጠሩን እንጂ ዓይናቸው መድከሙን እንደማይቀበሉ ለምስጢር ነግሯት ነበር። ምስጢር ሌንስ የሚቀያየርበትን የመለኪያ ፍሬምና አንዳንድ የንባብ መነጽሮች በቦርሳዋ ይዛ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ ቅዳሜ፣ ታክሲ ቀያይራ መካኒሳ ደረሰች።

ወይዘሮ ዘነቡ በሩን ከፍተው አዩዋት። ከመነጽር ቤት መምጣቷን፣ የደንበኞቻቸውን ቤተሰብ ዓይን ለማየት እንደሆነ ነገረቻቸው። ማን እንደሆነች ወዲያው አወቁ። እንዳወቁ እሷም አወቀች። ሁለቱም ስለ ዓይን ብቻ ማውራት መረጡ።

«እኔ መነጽር አያስፈልገኝም» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ ካስቀመጧት በኋላ። «ነቢዩ ሙሴ መቶ ሃያ ዓመት ኖሮ ዓይኑ አልፈዘዘም።»

«እውነት ነው፣ እማማ» አለች ምስጢር። «ይስሐቅ ግን ፈዘዘበት። ልጁን ሊባርክ ሲል ማንን እንደሚባርክ አላየም።»

ወይዘሮ ዘነቡ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ።

«እስቲ አምጪው» አሉ።

ፍሬሙን አድርጋላቸው ሌንስ እየቀያየረች ለካቻቸውና ልካቸው የሆነውን መነጽር ሰጠቻቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ። ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አጠፉት። እንግዳ መኖሩን ረስተው አንድ ምዕራፍ ሙሉ አነበቡ። ሲጨርሱ መነጽሩን ሳያወልቁ ልጅቷን አዩአት፤ በደንብ፣ ከጫማዋ እስከ ጠባሳዋ።

«ልጄ ጣዖቱን የሚያየው ከአንቺ ጋር ነው?»

«አዎ፣ እማማ። ብዙውን ጊዜ ግን የሚያየው እኔን ነው።»

ወይዘሮ ዘነቡ ለመቆጣት አሰቡ፤ ሳቁ ቀደማቸው። ሳቃቸውን ጨርሰው ተነሡና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከአልጋ ሥር አንድ ነገር ሲጎተት ተሰማ። የብስኩት ቆርቆሮውን በፎጣ ይዘው ወጡ።

አልጣሉትም። የሰው አደራ እንዴት ይጣላል? ጣዖት ደግሞ እንዴት ይቀመጣል? ስለዚህ የጸሎት ጓደኛቸውን እህት ማናዬን ጠሩና የሚጸለይበትን የወይራ ዘይት፣ ጠርሙሱን ሙሉ፣ ሳንቲሞቹ እስኪዋጡ አፈሰሱባቸው። ዘይቱ መንፈሱን ያስለቅቃል። ከዚያ ከአልጋ ሥር ከተው እግዚአብሔር መልስ እስኪሰጥ ክረምቱን ሙሉ ጠበቁ። ቆርቆሮው ከቤት ስላልወጣ ሽማግሌም አልላኩም። ቃላቸውን የጠበቁት እሳቸው ነበሩ፤ ለልጃቸው መንገር ብቻ ነው የቀራቸው።

«እግዚአብሔር እስካሁን ዝም ነው ያለው» አሉ።

«ቆርቆሮውን ከፍተው አይተውታል?»

«በየትኛው ዓይኔ?»

ምስጢር ክዳኑን አነሣች። ዘይቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መስሎ ጠቁሯል። እጇን ከታ አንዱን ሽምብራ አወጣችና በሌንስ መጥረጊያው ጨርቅ አሸት አሸት አደረገችው። አፈሩ እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ልጣጭ ተገፎ ጨርቁ ላይ ቀረ። ከሥሩ የሰው ዓይን አያቸው።

«በኢየሱስ ስም» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። ወዲያው ግን ጎንበስ ብለው፣ «ይሄኛውን ደግሞ ስጪኝ» አሉ።

ኤልዳድ ለቡ ውስጥ ሊፍት የያዛቸውን ሰዎች አስወጥቶ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ያየው ይህን ነው። እናቱ መነጽር አድርገዋል። ያቺ በየቀኑ የሚያስባት ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሁለቱም እስከ ክርናቸው በዘይት ተነክረዋል። ጠረጴዛው ላይ እናቱ ሥርዓት አበጅተዋል፤ ነገሥታት በቀኝ፣ ጣዖታት በግራ። ወንዝ ወስዷቸዋል ብሎ ያለቀሰላቸው ሳንቲሞች አዲስ ይመስል ያብለጨልጫሉ።

ምስጢር ቀና ብላ አየችው። ብዙ ሳምንት ያልተባለ ነገር ሁሉ በዚያ አስተያየት ውስጥ አለፈ፤ ወቀሳው፣ ናፍቆቱ፣ መጨረሻ ላይም ፈገግታው።

«ያለ ሳንቲም መምጣት ይቻል ነበር» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላወቅሁም።»

«አሁን እወቅ።»

ወይዘሮ ዘነቡ አልሰሟቸውም። ከሌሎቹ ተለቅ ያለ አንድ ሳንቲም አጽድተው ወደ መስኮቱ ይዘውት ነበር።

«ኤልዳድ፣ ና ወዲህ። ይህን ማን ሠራው?»

ሄዶ ከምስጢር አጠገብ ተቀመጠና ተቀበላቸው። የሳንቲሙን ፊት ከዳር እስከ ዳር የሞላ የክርስቶስ ስም ምልክት አለ፤ የተሻገሩ ሁለት መስመሮች፣ መሐላቸው ላይ የቆመ ፊደል። በግራው አልፋ። በቀኙ ኦሜጋ። መጋረጃው ላይ እንደተጠለፉት ያሉ፣ ምንም ያልጎደላቸው።

ኤልዳድ ሳንቲሙን ዐወቀው። በመጽሐፍ ሲያየው ኖሯል፣ ከአቶ ያኒ ቆርቆሮ ውስጥ ይወጣል ብሎ ግን አልሞ አያውቅም። ያሳተመውንም ዐወቀው። ማግኔንጢዮስ ይባላል፤ በጌታው ላይ ያመፀ የጦር አለቃ። የቆስጠንጢኖስን ልጅ አስገድሎ ዙፋን የያዘ፣ ከዚያ ሕዝቡ እንዲወደው የክርስቶስን ስም ማንም ባልሞከረው መጠን አግዝፎ ያተመ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ያህል ገዝቶ ራሱን አጠፋ። እናቱ ጠይቀውታል። እሱ ደግሞ ውሸት አይችልም።

«እማዬ» ብሎ ጀመረ፣ «ይሄ ሰውዬ እንኳ…»

በጠረጴዛው ሥር አንድ እግር እግሩን ረገጠው።

ምስጢር ጠንከር አድርጋ ነው የረገጠችው። ከዚያም እግሯን አላነሣችም። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ መነጽር ከማስተካከል በቀር ነክታው አታውቅም።

«ይሄ ሰውዬ እንኳ?» አሉ እናቱ።

«በጣም ጥንታዊ ነው» አለ ኤልዳድ። ውሸት አልነበረም።

ወይዘሮ ዘነቡ ሳንቲሙን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «መልሱ ይኸው» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ አልጋዬ ሥር ሆኖ ሲመልስልኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።» ወዲያው ለእህት ማናዬ ደወሉ፤ ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለወንድም አስረስ። አቶ ግዛው ቤት በር የተንኳኳው የሚቀጥለው እሑድ ነው። ተንኳኳ እንጂ አልተደወለም፤ ደወሉ ገና አልሠራም ነበር።

ዛሬ ይሠራል። ኤልዳድና ምስጢር ለቡ፣ ሊፍቱ በሚሠራበት ሕንፃ ላይ ይኖራሉ፤ ለምን እንደሚሠራ መናገር አያስፈልግም። ነገሥታቱና ጣዖታቱ በአንድ መሳቢያ ታርቀው ተቀምጠዋል። ያ ሳንቲም ግን በወይዘሮ ዘነቡ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ኪስ ውስጥ ነው፤ ምስክርነት በሰጡ ቁጥር ያወጡታል። ኤልዳድ ለአቶ ያኒ በስልክ ስለ ዘይቱ ነግሯቸው ሽማግሌው እስኪያስላቸው ስቀዋል፤ አያታቸው ያንን ወይን እርሻ በቆፈሩ ጊዜ አጠገቡ ሙሉ የወይራ ዛፍ እንደነበረ ነገሩት።

እሑድ እናቱና አቶ ግዛው ለምሳ ሲመጡ በማዕድ ላይ የሚጸልየው ኤልዳድ ነው። እንደሱ የሚያመሰግን ሰው የለም። ስለ ምግቡ ያመሰግናል። ስለ ዓይኑ፣ ስለ አቶ ያኒ፣ ስለ ወይራ ዘይት፣ ስለ ሸዋረገድ፣ የአቶ ግዛው ቀለም ቶሎ ስላልለቀቀ ሳይቀር ያመሰግናል። ወጡ ይቀዘቅዛል። አቶ ግዛው በአንድ ዓይናቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ኤልዳድ ይቀጥላል፤ እናቱ የማያውቁትን ያንን አመፀኛ ንጉሥ እንኳ አይረሳውም፤ የሱ ተራ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቃሉም ይጠፋበታል፤ ምን ብሎ እንደሚጠራው ሲያመነታ፣ ያን ጊዜ በጠረጴዛው ሥር አንድ እግር ይመጣና እግሩ ላይ ያርፋል።

«አሜን» ይላል።